የቢምቢ ሰዓት

ሲራጅ አካፋውን ከግድግዳው ሥር ሲያነሳ አሲያ በሩን ዘግታ ቆመች።

«ዛሬ አትሂድ።»

«ሽንኩርቱን ማን ያጠጣዋል? አንቺ በምራቅሽ?»

«እንግዲያው ካልሲ አድርግ።»

«ውሃ ውስጥ እኮ ነው የምገባው፣ ሰርግ ቤት አይደለም።» ሳቀ። ሳቁ ግን ደረቱ ላይ ሲደርስ ተሰበረበት፤ ግድግዳውን ተደግፎ ትንፋሹን ሰበሰበ።

ወባው ከለቀቀው ገና ብዙ አልቆየም። ያተረፉት አሲያ ከወልድያ ስትሸሽ በቦርሳዋ ይዛ የመጣቻቸው ክኒኖች ናቸው፤ እነሱም አልቀዋል። በመርሳ መድኃኒት ቤቶች ከባዶ መደርደሪያ በቀር የሚታይ የለም፤ ደሴ ሄዶ እንዳይታከም መንገዱን ጦሩ ይዞታል። ሁለተኛ ከያዘው የሚታከምበት የለም ማለት ነው። ይህን ሲራጅም ያውቃል፣ አሲያም ታውቃለች። እሱ ሲያውቀው ይቀልዳል፤ እሷ ስታውቀው መቀመጥ ያቅታታል።

በሩን ለቀቀችለት። ምን ታድርግ? ጎተራው ተጠርጎ ተወስዷል፤ ሽንኩርቱ ካልደረሰ በእህል የሚለወጥ ነገር ቤቱ የለውም። ሲራጅ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ በባዶ እግሩ፣ በማንጎው ጥላ ሥር ተሰወረ። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው። እሷ ከምድጃው ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ አጥሩ ተመላለሰች፤ አጥሩ ጋ ስትደርስ ጆሮዋን ትጥላለች፣ ምንም አትሰማም፣ ትመለሳለች።

ጊዜው የሁለት ሺህ አሥራ አራት ጥቅምት ነው። ጦርነቱ ወልድያንም መርሳንም አልፎ ወደ ደቡብ ወርዷል። ከመርሳ ዝቅ ብላ በቦይ ዳር በተኮለኮለችው በዚህች የሐብሩ መንደር የቀሩት ታጣቂዎች ጥቂት ናቸው፤ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሰፍረዋል። ጥቂትም ቢሆኑ ጠንካራ ወንድ በቀን ካዩ ቁስለኛ ወይም ስንቅ ያሸክሙታል። ተሸክመው ከሄዱት ውስጥ የተመለሰ እስካሁን አልታየም። ስለዚህ ወንዶቹ ቀኑን በየጓዳው ይውላሉ። ቀድሞ በጠራራ ፀሐይ ይደረግ የነበረው የመስኖ ተራም ወደ ምሽት ተዛወረ። ሲመሽ ታጣቂዎቹ ከታች ድልድዩ ጋ ናቸው፤ ቀን ከሰማይ የሚመጣውን ድሮን ስለሚፈሩ ምግብ የሚያበስሉትም ገላቸውን የሚታጠቡትም ያን ጊዜ ነው። እነሱ ከታች ሲንቦጫረቁ የመንደሩ ወንድ ከላይ፣ ማሽላና ማንጎ በጋረደው በኩል፣ ውሃውን ከትልም ትልም ይመራል። መግሪብን እዚያው ቦዩ ዳር ይሰግዳል። ውዱኡን በቦዩ ውሃ አድርጎ፣ እግሩን ታጥቦ፣ ሳያደርቅ።

ደግሞ ሰዉ የተጽናናበት አንድ ነገር ነበረ። ቢምቢ መብራት ነው የምትከተል ይላል የመንደሩ ሰው። ጦርነቱ ሲገባ መብራት ጠፋ፤ ኩራዝ የሚለኩስም ጠፋ፤ እንግዲህ ቢምቢም የለም ተባለ። አጎበሩን ከየአልጋው አወረዱት። የአሲያ አማት ፋንቱ የነሱን አጎበር ዶሮ እንዳይጭረው የሽንኩርቱን ችግኝ አለበሱበት። ወልድያ በታጣቂዎቹ ስትያዝ አሲያ ሸሽታ ወደ ባሏ ቤት የመጣች ዕለት አይታው ደነገጠች፤ አማቷን ግን ምን ብላ ትናገር? ችግኙ ሲነቀል ጠብቃ፣ አጥባ፣ ከራሷ አልጋ በላይ ሰቀለችው። ሲራጅ እንቅልፉን ከአጎበር ሥር ነው የሚተኛው። የሚነከሰው እንቅልፉ ሳይመጣ ነው።

በዚያ ምሽት በደኅና ተመለሰ። በማግሥቱ ከአስር ሰላት በኋላ አሲያ ነጠላዋን አጣፍታ አማቷ ሙሐመድዘይን ፊት ቆመች። ሙሐመድዘይን የውሃ አባት ናቸው፤ ውሃው ለማን፣ መቼ፣ ምን ያህል እንደሚሄድ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። ደጃፉ ላይ ሙስበሃቸውን እየቆጠሩ ተቀምጠዋል።

«አባባ፣ የውሃው ተራ ወደ ንጋት ይዙር» አለች፣ መሬት መሬት እያየች።

«ተራውን እኔ ያመጣሁት መሰለሽ? በዱዓ የተደለደለ ነው። አባቶቻችን አሚን ያሉበት ነው።»

«ተራው አይነካም። ሰዓቱ ብቻ ነው።»

«ሰዓቱንማ በጦርነቱ ምክንያት አንዴ አዙረነዋል። ደግሞ በቢምቢ ምክንያት ላዙረው? ነገ ምን ልትይኝ ነው፣ በጉንዳን ምክንያት?»

«መብራት በሌለበት ቢምቢ ምን ትሠራለች?» አሉ ፋንቱ ከጓዳ።

«ሰዉ ታዲያ በምን ታመመ፣ እማ?»

«እኔ የታመምኩት በንዝንዝ ነው» አለ ሲራጅ ከውስጥ። «መድኃኒቱም ሚስቴን ወልድያ መልሶ መላክ ነው።»

ማንም አልሳቀለትም። ሙሐመድዘይን ሙስበሃውን አቆሙ። «በምን አወቅሽ፣ ልጄ? ቢምቢ ሰዓት አታስር።»

«ታስራለች።»

ስትናገር ቃል የምትቆጥብ ልጅ ናት፤ በዚህ ጊዜ ግን ነጠላዋን ያዝ አደረገች፣ ተናገረች። ወልድያ ሳለች የምትሠራው በአንድ የምርምር ፕሮጀክት የትንኝ ማርቢያ ክፍል ውስጥ ነበር። ሥራዋ ትንኞቹን መመገብና መጠበቅ ነው፤ ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ ጥጥ ላይ ነክራ ታቀርብላቸዋለች። የወባ ትንኝ ቀን ተኝታ በጨለማ ስለምትነሳ፣ አጥኚዎቹ በሥራ ሰዓት እንዲያዩአት ቀኑን ይገለብጡባት ነበር፤ ሌሊት መብራት ያበሩባታል፣ ጠዋት ያጠፉባታል። ከጥቂት ቀን በኋላ ትንኞቹ ጠዋቱን ምሽት ብለው ይነሳሉ። አንድ ሰሞን ኤሌክትሪክ ተቋርጦ ክፍሉ ቀንም ሌሊትም ጨለማ ሆነ። አሲያ ትንኞቹ ጊዜው ይጠፋባቸዋል ብላ ነበር። አልጠፋባቸውም። ምንም ብርሃን ሳያዩ፣ የለመዱት ምሽት ሲደርስ ከየግድግዳው ተነሥተው መብረር ጀመሩ።

«ሰዓቱ ውስጧ ነው ያለው፣ አባባ። ብርሃን ሰዓቷን ይሞላላታል እንጂ እሷ ብርሃን አትከተልም። አሁን የሚሞላላት ፀሐይ ናት። ፀሐይ ስትጠልቅ ትነሳለች፤ ስትነሳ ደግሞ ርቧት ነው።»

«ወላሂ ጥሩ ተረት ነው» አሉ ሙሐመድዘይን። «እንግዲያው አሳዪኝ። ካሳየሽኝ ወልዴን እኔ አናግረዋለሁ።» ወልዴ የላይኛው ቦይ ተጠሪ ነው፤ ውሃው ቀድሞ የሚደርሰው እነሱ ዘንድ ስለሆነ ያለ እሱ እሺታ የሚዞር ሰዓት የለም።

ማሳየቱን አሲያ ታውቅበታለች። ከወልድያ ስትሸሽ ከክኒኑ ጋር መምጠጫዋንም ይዛ ነበር የመጣችው፤ ለምን እንዳነሳችው ራሷም አታውቅም። የብርጭቆ ቱቦ ነው፤ ጫፉ ላይ የጎማ ቱቦ ተቀጥሎበታል፣ መካከሉ ላይ ትንኟ ወደ አፍ እንዳታልፍ ሻሽ ተወጥሮበታል። አንድ ሰው እግሩን ገልጦ ይቀመጣል። ትንኝ ስታርፍበት፣ ገና ሳትነክስ፣ በቱቦው ሳብ ተደርጋ በወረቀት ኩባያ ትታሰራለች። ሥራው ይኸው ነው። ችግሩ እግሩ የማን ይሁን ነው።

«የኔ አለ» አለ ሲራጅ ብቅ ብሎ።

«ያንተ አይሆንም!»

ምራት በአማቶቿ ፊት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም፤ ፋንቱ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። አሲያ ፊቷ ጋለ። «የራሴን እገልጣለሁ» አለች ዝቅ ብላ።

«የልጄ ሚስት እግሯን ገልጣ ቦይ ዳር ትቀመጥ?» አሉ ፋንቱ። «ሱብሃነላህ! ሰዉስ ይሁን፣ ታጣቂው ቢያይሽስ?»

ሙሐመድዘይን ተነሡ፤ የሱሪያቸውን እግር ይዘው አንድ ጊዜ ጠቀለሉት፣ ደግሞ ጠቀለሉት። እንደ ደረቀ እንጨት የከሳ፣ ጅማቱ የተወጣጠረ ቅልጥም ብቅ አለ።

«ይሄ አይበቃትም?» አሉ። «ወይስ ሥጋ ትመርጣለች?»

በዚያው ምሽት ቦዩ ዳር ተቀመጡ፤ እሳቸው ድንጋይ ላይ፣ አሲያ እግራቸው ሥር መሬት ላይ። በዚህ ቤት ምራት አማቷ ፊት እህል አትቆርስም፣ ፊት ለፊት አታየውም። እሷ ግን ቱቦውን በአፏ ይዛ ከቅልጥማቸው በስንዝር ርቀት አጎነበሰች። አፍራ ልትሞት ነበር። እሳቸው ደግሞ አንገታቸውን ወደ ተራራው አዙረው እንደማያውቋት ሰው ተቀመጡ። ከታች ከድልድዩ በኩል የታጣቂዎቹ ድምፅና የቆርቆሮ ኳኳታ ይሰማል። ከላይ የወንዶቹ አካፋ ጭቃ ሲቆርጥ ይሰማል። ከነዚህ ውስጥ አንደኛው የሲራጅ ነው። የትኛው እንደሆነ ለመለየት ጆሮዋ ወዲያ ወዲህ ይል ነበር።

ፀሐይዋ ከሸንተረሩ ጀርባ ወረደች። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ሰማዩ ከቀይ ወደ ግራጫ ሲዞር አንዲቷ መጥታ ቁርጭምጭሚታቸው አጠገብ አረፈች፤ ቂጧን ወደ ላይ ቀስራ፣ የወባ ትንኝ እንደምታርፈው። አሲያ ሳበቻት። ሌላ መጣች። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሁለት አንድ ላይ። እፍረቱ ጠፋ። እጇ ብቻ ቀረ፤ እጇና ትንፋሿ።

«አንዷ አመለጠችኝ፣ አባባ» አለች ቱቦውን ከአፏ አውጥታ። «ነክሳዎት ይሆናል።»

«ባትነግሪኝ አላውቅ ነበር።»

«እኔ አውቅ ነበር።»

በዚህ መካከል ወልዴ በትሩን ይዞ በቦዩ ዳር ወረደ። በደጋው በኩል የተወለደ፣ ረጅም፣ ሳይቀልድ ሰላምታ የማይሰጥ ሰው ነው። ያየውን አይቶ ቆመ።

«አንተ ሙሐመድዘይን! በግ ለሐድራ ዱዓ ሲታረድ አውቃለሁ፤ ለቢምቢ ሲታረድ ዛሬ ገና አየሁ።»

«ዝም በል፣ ሥራ ላይ ነኝ።»

«በዚህ እግር? ይሄን አይታ የምትመጣ ቢምቢ ጦም የዋለች ናት።»

«ና ስማ እንግዲያው።» ሙሐመድዘይን ኩባያውን ከአሲያ ተቀብለው ወደ ወልዴ ጆሮ አስጠጉት። ሻሽ በለበሰው ኩባያ ውስጥ ሰላላ ጩኸት ይንጫጫል፤ አንዱ በአንዱ ላይ የሚወጣ፣ የሚወርድ፣ የማይጨርስ። ወልዴ ሳቁን አቆመ። ጆሮውን አራቀ፤ ከዚያ ሳያስበው ጎንበስ ብሎ የራሱን እግር በእጁ ጠረገ።

«ይሄ ሁሉ መብራት ሳይኖር?» አለ።

በማግሥቱ ሱብሂ እንደተሰገደ እዚያው ድንጋይ ላይ ተመልሰው ተቀመጡ፤ ወልዴም ጋቢውን ተከናንቦ መጣ። ገና ድንግዝግዝ እያለ ጥቂት ትንኞች መጡ፤ አሲያ ያዘቻቸው፣ አልደበቀችም። የምሥራቁ ሰማይ ሲገረጣ ቀነሱ። ወፎች ማሽላው ላይ መንጫጫት ሲጀምሩ የሚመጣ ጠፋ፤ የሙሐመድዘይን እግር ለከንቱ ተዘርግቶ ቀረ። ከትምህርት ቤቱ በኩል ገና የሰው ድምፅ የለም፤ ታጣቂዎቹ ሌሊቱን በጥበቃ አሳልፈው ፀሐይ ጠንከር እስክትል ይተኛሉ።

«እንግዲህ ሰዓቷ ይቺ ናት» አለች አሲያ። «ቢምቢዋ ከተኛች በኋላ፣ እነሱ ሳይነሱ። ሰፊ አይደለችም።»

«ንጋት ላይማ እኛ ኪዳን አለን» አለ ወልዴ።

«እኛስ ሱብሂ የለንም?» አሉ ሙሐመድዘይን። «እኔ ሰግጄ እመጣለሁ፤ አንተም ተሳልመህ ና። ውሃው የሁላችንም ነው፤ እሱ አይጸልይ አይሰግድ፣ ይጠብቀናል።»

ወልዴ አገጩን አሸት አሸት አደረገ። «ልጅቷን ለኛ ሰፈር አታውሷትም? ሚስቴን በቃሌ የሚያሳምንልኝ ሰው አጥቼ ነው» አለ፤ በዚሁ እሺ ማለቱ ነበር። ሙሐመድዘይን ሱሪያቸውን ወደ ታች እያወረዱ አሲያን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አዩአት።

ተራው ዞረ። የመጀመሪያው ንጋት የሲራጅ ነበር።

አሲያ ቤት ልትቀመጥ ሞከረች። እሳት አነደደች፣ አጠፋችው። ልብስ ዘፈዘፈች፣ ሳታሽ ተወችው። ንጋቱ ከሩቅ ሲያዩት የሚበቃ መስሏት ነበር፤ ውስጡ ሲገቡ ግን እንደ ጠባብ በር ነው፣ በሁለቱም ትከሻ ይነካል። ነጠላዋን አንሥታ በማንጎዎቹ መካከል ወደ እርሻው ወረደች።

ሲራጅ አካፋውን ተደግፎ ቆሟል። ቦዩ ደረቅ ነው።

«ውሃውስ?»

«የእነ ወልዴ ኪዳን ረዝሟል መሰለኝ» አለ። «ጸሎቱ የኛንም ኃጢአት ጨምሮ ከሆነ ገና ነው።»

ውሃው የመጣው ሰማዩ ጨርሶ ከቀላ በኋላ ነበር። ቡናማ ሆኖ፣ ቅጠልና ጭራሮ እየገፋ። ሲራጅ መሮጥ ጀመረ፤ ትልሙን ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ወደሚቀጥለው ይዘላል። ፊቱ በላብ ርሷል። ፀሐይዋ ጫፏን አወጣች፣ ከዚያ ግማሿን። ከእርሻው ሩብ የሚሆነው ገና አልጠጣም።

«ይብቃህ፣ እንሂድ።»

«እነዚህ ሦስት ትልሞች ብቻ።»

«ሲራጅ!»

ያን ጊዜ ከታች ከድልድዩ በኩል በቦዩ ዳር የሚመጣ ሰው አየች። አንድ ነው። ትከሻው ላይ የመሣሪያ አፈሙዝ ይታያል። አሲያ አሰበች ለማለት አይቻልም፤ አካፋውን ከባሏ እጅ ነጥቃ ወደ ማሽላው ገፋችው። ሲራጅ ተንደርድሮ ገባ። ማሽላው ተወዛወዘ፣ ረጋ። እሷ ጫማዋን ወርውራ፣ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ ወገቧ ላይ ሸጉጣ ውሃው ውስጥ ገባች። ፋንቱ ቢያዩአት ይወድቁ ነበር።

የመጣችው ሴት ናት። ዕድሜዋ ከአሲያ አይበልጥም፤ ፀጉሯ ተሠርቶ ወደ ኋላ ተይዟል፤ ፀሐዩ እየሞቀ ወፍራም ጃኬት ለብሳ ትንቀጠቀጣለች። ቦዩ ዳር ደርሳ መሣሪያዋን ጉልበቷ ላይ አጋድማ ተቀመጠች።

«እንደምን አደርሽ፣ እህቴ።»

«አልሐምዱሊላህ።»

«ክኒን አለሽ? የወባ?»

«የለኝም። አልቋል።»

ልጅቷ አልተጠራጠረችም፤ ራሷን ብቻ ነቀነቀች። «ሁሉም እንዲሁ ይላል። እውነት ነው መሰለኝ።» ዙሪያዋን አየች። «አንቺ ነሽ የምታጠጪው? ወንድ የለም?»

«የለም።»

«እኛም ጋ ጠፍቷል። ግማሹ ተኝቷል፣ ግማሹ ይንቀጠቀጣል።» ጫማዋን አውልቃ እግሯን ውሃው ላይ አንጠለጠለች። ቅልጥሟ ላይ የንክሻ ምልክት ተዘርቷል፤ ከቁርጭምጭሚቷ እስከ ጉልበቷ፣ አንዳንዱ ተቧጥጦ ቆስሏል። አሲያ ዓይኗን ልታነሳ አልቻለችም። እንዲህ ያለ እግር ስታይ የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበራት፤ ለዓመታት ስትጠይቀው የኖረችው፤ አሁንም ከአፏ ወጣ።

«የምትታጠቡት መቼ ነው?»

«ሲመሽ። ድልድዩ ጋ።»

«ሲመሽ አትታጠቡ። የምትነክሰው ያን ጊዜ ነው። ውሃ ዳር፣ እግር ላይ።»

ልጅቷ ቀና አለች። «በምን አወቅሽ?»

«ሥራዬ ነበር። ወልድያ።»

«እኔ ፀጉር ቤት ነበረኝ» አለች ልጅቷ፣ የተጠየቀች ይመስል። «ሹሩባ ላይ ማንም አይደርስብኝም ነበር። አንቺን ባገኝሽ አሳምሬ እሠራሽ ነበር።» ፈገግታዋ በብርዱ ተንቀጠቀጠ። «ታዲያ መቼ እንታጠብ?»

«ቀትር ላይ። ቀትር ላይ አትመጣም።»

ልጅቷ በአገጭዋ ሰማዩን አሳየች። «ቀትርማ ያ ነገር አለ። በጠራራ ፀሐይ ውሃ ዳር ከተሰበሰብን አለቀልን።» ትንሽ አሰበች። «ንጋት ላይስ? አሁን በመጣሁበት ጊዜ? ሁላችንም በማለዳ ብንነሳ?»

አሲያ የአካፋውን እጀታ ያዘች። ውሃው ከቁርጭምጭሚቷ ላይ እየሞላ ወደሚቀጥለው ትልም ፈሰሰ፣ የሚዘጋው ሰው አልነበረም። መልሱን ታውቀዋለች። ከዚህ ጥያቄ የቀለለ ማንም ጠይቋት አያውቅም። ከኋላዋ ማሽላው ውስጥ አንድ አገዳ ቀጭ አለ።

«ንጋት ላይ ይብሳል» አለች።

«ከምሽቱም?»

«ከምሽቱም። በጣም ይብሳል።»

ልጅቷ ፊቷን አየቻት። አሲያ ፊቷን አላዞረችም። ውሸት እንዲህ እንደሚቀል አታውቅም ነበር፤ አንዷ ስታመልጣት እንኳ አመለጠችኝ የምትል ሰው ነበረች።

«እንግዲያው እንደ ልማዳችን ሲመሽ ይሻላል» አለች ልጅቷ። እግሯን በጃኬቷ ጫፍ አድርቃ ጫማዋን አደረገች፣ መሣሪያዋን ተደግፋ ተነሣች። «እግዜር ይስጥልኝ። ለነሱም እነግራቸዋለሁ፤ ማለዳ የሚነሳ አለ ከመካከላቸው።» ጥቂት ሄዳ ዞረች። «ውሃሽ ፈሰሰብሽ፣ እህቴ።»

ሲራጅ ከማሽላው የወጣው ልጅቷ ከዓይን ከጠፋች ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። በውሃ የተጥለቀለቀውን ትልም አየ፣ ሚስቱን አየ። አልቀለደም። አካፋውን ከእጇ ሊወስድ ሲል ጣቶቿን አንድ በአንድ ማላቀቅ ነበረበት።

«እኔ ብሆን እሱኑ ነበር የምላት» አለ።

«አንተ አታውቅም ነበር» አለች አሲያ። «እኔ አውቃለሁ።»

የሚቀጥሉት ንጋቶች በሰላም አለፉ። ከትምህርት ቤቱ በኩል ማለዳ የሚነሳ አልታየም። ወንዶቹ ውሃቸውን አጠጥተው ፀሐይ ሳትጠነክር በየቤታቸው ገቡ፤ ሽንኩርቱ ቀና፤ ሲራጅ ጉንጩ ሞላ፤ ዳገት ሲወጣ ትንፋሹን መሰብሰብ ተወ። ሙሐመድዘይን አንድ ቀን ከመግሪብ ሰላት በኋላ ደጃፉ ላይ ተቀመጡ፤ አሁን የሚሰግዱት ቤት ውስጥ ነው።

«ሰዉ ዱዓ አደረገልሽ» አሏት። «ወልዴም በታቦቱ ስም መርቆሻል፤ ሁለቱም ይድረስሽ። ተቀመጪ እንጂ፣ ልጄ።»

«እሺ፣ አባባ» አለች፤ አልተቀመጠችም።

ምሽቱ ነፋስ የለውም። ድምፅ ከሩቅ ይመጣል። ከድልድዩ በኩል ውሃ ይንቦጫረቃል፣ ሴቶች ይሳሳቃሉ፤ አንዷ አሲያ በማይገባት ቋንቋ ዘፈን ጀምራ ትተዋለች። ከመካከላቸው ያቺ ልጅ ትኑር አትኑር አሲያ አታውቅም። ድምፁን ለመለየት ወደ አጥሩ ሄደች፣ ተመለሰች፣ ደግሞ ሄደች። ከሳቁ መካከል ሌላ ድምፅ ሰማች፤ መዳፍ እርጥብ እግር ላይ ሲያርፍ፤ ጧ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ፤ ጧ፣ ጧ።

«አሲያ» ሲል ጠራት ሲራጅ ከአጎበሩ ሥር፣ በእንቅልፍ በከበደ ድምፅ። «ነገ ተራችን ነው። ነይ ተኚ።»

«መጣሁ» አለች።

የአጥሩን በር ከፈተች። እጇን መዝጊያው ላይ እንዳደረገች፣ ወደ ውጭ ሳትወጣ፣ ወደ ውስጥም ሳትመለስ ቆመች። ከታች ሳቁ ቀጠለ።